የጤና መረጃ በስልክ ላይ፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

የኢንተርኔት የጤና መረጃን ማጣራት ማለት ስለ በሽታ ወይም ስለ መድኃኒት የተባለውን ነገር ማን አለው፣ መቼ አለው፣ በምን ማስረጃ አለው ብሎ መጠየቅ ነው። ድሬዳዋ ላይ አራተኛ ጥያቄ ይጨመራል፦ ለየት አገር ነው የተባለው? ይሄኛውን ድሬ በራሷ ላይ ከደረሰው ተምራዋለች።

በዓለም ደረጃ ጉዳዩን ቀድሞ መልክ ካስያዙት አንዱ ጄኔቫ የነበረው ሄልዝ ኦን ዘ ኔት የተባለ ድርጅት ነው። ለጤና ድረ ገጾች ያወጣው፣ ሆንኮድ የሚባል 8 መርሆዎች ያሉት ደንብ ነበረው። ጸሐፊው ባለሙያ ነው ወይ? ምንጩና ቀኑ ተጽፏል? ገንዘቡን ማን ሰጠ? ማስታወቂያው ከጽሑፉ ተለይቷል? ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ቢዘጋም ጥያቄዎቹ አላረጁም፤ ለቴሌግራም ቻናልም ለቲክቶክ ቪዲዮም ይሠራሉ።

ወደ ድሬ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ የተባለው፣ በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ወረርሽኝ ገባ። ብዙ ሰው የበሽታውን ስም የሰማው ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት ግን ቺኩንጉንያ መጣ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ፤ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ደቻቱ ትኩሳትና መገጣጠሚያ የሚቆለምም ሕመም ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ሰው ሲያመው ስልኩን ያነሳል። «የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት» ብሎ የፈለገ ሰው ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን የሚል መልስ ቢያገኝ አይገርምም፤ ለሌላ ጊዜ ስህተት አይደለም። ችግሩ ቺኩንጉንያንና ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ አንድ መሆኗ ነው፤ በምልክትም ይመሳሰላሉ። ሕመሙ ዴንጊ ከሆነ ደግሞ እነዚህ ማስታገሻዎች ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ስለዚህ ዴንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው የሚመከረው። መረጃው እውነት ሆኖ ለዚያች ሳምንት ለድሬ ሰው አደገኛ ነበር ማለት ነው። ይህንን ለመለየት ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ የተናገረው፣ ሚሊዮን ሰው ሼር ካደረገው ይበልጣል።

የኮቪድ ጊዜ በአጭሩ ይታለፍ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ፌጦው በየስልኩ ተላለፈ። ነጭ ሽንኩርት ለጤና ጥሩ ምግብ ነው፤ ከኮሮና ይከላከላል የሚለው ግን ማስረጃ እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ተናግሯል።

ወባው ሌላ ትምህርት ነው። ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው፣ ወባ ክረምት ሲወጣ እንደሚመጣና ረግረግ ማድረቅ እንደሚያስፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ድሬ ውስጥ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በላይ ሰው በወባ ተያዘ፤ በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የወረርሽኙን መንስኤ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ከተባለች ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ይህች ትንኝ ከእስያ የመጣች ናት። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። በንግድ መስመሩ ገባች የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ገና ግምት ነው። የተረጋገጠው ከተማ እንደምትወድና በየግቢያችን በተቀመጠው በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ውስጥ እንደምትራባ ነው። እናም የቆየው ምክር ውሸት ባይሆንም ለድሬ አይበቃም። የውኃ ዕቃ መክደን ያለበት ሰው ረግረግ ፍለጋ ይሄዳል። ይህን በር እያንኳኩ፣ በርሜሉን ከፍተው እጭዋን እያሳዩ ማስረዳት የሚችሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው፤ ምስጋናቸው ግን ከሥራቸው ያንሳል።

በስልክ መድኃኒት መሸጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መድኃኒትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በ8482 በነጻ ይደወላል። ሻጩ የድርጅቱን አድራሻና ፈቃዱን ካላሳየ፣ ማሸጊያው ላይ የምርት ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ከሌለ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አንቲባዮቲክ ከላከ አለመግዛት ነው። ስለ ወረርሽኝ ለመጠየቅ 8335 እና 952 የሚባሉት መስመሮች በኮቪድ ጊዜ ሰው የለመዳቸው ናቸው። ሐረር ላሉት ደግሞ ሕይወት ፋና ሆስፒታልና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ቅርብ ናቸው፤ አካባቢውን የሚያውቅ ምሁር እዚያ አለ።

የቋንቋውን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ድሬ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ነው የምታወራው፤ አንዱ ቤት ውስጥ ሦስቱም ሊሰሙ ይችላሉ። አንድ ወሬ በአማርኛ ሲስተባበል በሶማሊኛው የድምፅ መልእክት ላይ እየኖረ ይቀጥላል። ለእናት የሚላከው ማስተባበያ እናት በሚሰሙት ቋንቋ፣ ከተቻለም በሚያውቁት ሰው ድምፅ መሆን አለበት።