ተራራ ላይ ሰው ሲጠፋ የምናምናቸው ስህተቶች

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ተራራ ላይ የጠፋ ሰው የማፈላለጉ ኃላፊነት የካውንቲው (የወረዳው) ሸሪፍ፣ ማለትም የሕግ አስከባሪው ኃላፊ ነው። ዳገቱን የሚወጣው ግን በአብዛኛው ደመወዝ የሌለው በጎ ፈቃደኛ ነው። ቦልደር ከተማ ያለው ሮኪ ማውንቴን ሬስኪው ግሩፕ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1947 ጀምሮ በዚሁ ሥራ ላይ ነው። እዚያ ለምንኖርና «እኔም ልርዳ» ለምንል ሐበሾች፣ መጀመሪያ መተው ያለብን ጥቂት እምነት አለ።

«24 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ አይቀበልም።»
ሐሰት። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ጥሪው ቁጥር 911 ይደወል። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ አቅጣጫው ካልታወቀ፣ ከ1 ሰዓት በኋላ ሊገኝበት የሚችለው ስፍራ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ግን 113 ይደርሳል።

«ያገኙህና ቢል (የክፍያ ሂሳብ) ይልካሉ።»
የኮሎራዶ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች አያስከፍሉም። ሆስፒታል የሚያደርስ የአየር አምቡላንስ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ያስከፍላል። ቢሉን ፈርቶ እስኪመሽ መጠበቅ ፍለጋውን ከማክበድ በቀር አይጠቅምም።

«ብዙ ሰው ቶሎ ከገባ ቶሎ ይገኛል።»
በቅንነት ብዙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሃያ ዘመድ ግር ብሎ ጫካ ሲገባ ዱካው ይጠፋል፤ የፍለጋ ውሻውም በሃያ ሰው ጠረን ይወናበዳል። የሠለጠነ ሰው መጀመሪያ ይጠይቃል፦ መጨረሻ የታየው የት ነው? የጫማው ሶል ምን ዓይነት ነው? መድኃኒት ይወስዳል? መኪናው የት ቆሟል? መጨረሻ የታየበት ቦታ ሳይረገጥ ይጠበቃል፤ ከአካባቢው የሚያስወጡ መንገዶች ላይም ሰው ይቆማል። ለውሻው የሚሆን ያልታጠበ ልብስ በእጅ ሳይነካካ ንጹሕ ከረጢት ውስጥ ይገባል።

«ስሙን ከጠራነው አቤት ይላል።»
ሁልጊዜ አይደለም። የማያውቁትን ሰው እንዳያናግሩ የተነገራቸው ልጆች ሊደበቁ ይችላሉ፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያንም ላይመልሱ ይችላሉ። ስለዚህ ተጣርቶ ዝም ማለት፣ ማዳመጥ፣ ቁጥቋጦውንም ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። (ለእኛ ሰው ከባዱ ዝም ማለቱ ነው።)

«ለበረደው ሰው ትንሽ አረቄ።»
አረቄ ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር ሰውዬው ሞቀኝ ይላል፤ ውስጡ ግን ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እጅና እግሩንም አትሹ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ አደጋ ነው፤ በጣም የቀዘቀዘ ልብ በድንገተኛ መንገላታት ምቱ ሊዛባ ይችላል። ሳይሻለው መንቀጥቀጡ ካቆመ ባሰበት ማለት ነው። አጋድሞ ከመሬት የሚለይ ነገር ማንጠፍ፣ እርጥቡን ልብስ በቀስታ አውልቆ በደረቅ መጠቅለል ይገባል። በደንብ ከነቃና መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ይሰጠው።

«ስልክ ካለ ካርታ ምን ያደርጋል?»
ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ቀድሞ ያልተጫነ ካርታ ግን አይከፈትም። ብርድ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል።

«ጎረምሳ ካልሆንክ አትጠቅምም።»
ሬዲዮ የሚይዝ፣ የትኛው ቦታ እንደተፈተሸ የሚመዘግብ ሰውም ይፈለጋል። የጠፋው የሐበሻ ልጅ ከሆነ እናቱን በአማርኛ አረጋግቶ የሚጠይቅ ሰው ትልቅ ዋጋ አለው። ግን በዕለቱ መጥቶ ልግባ ማለት አይሠራም፤ ቀድሞ ካውንቲው ውስጥ ባለ ቡድን ተመዝግቦ መሠልጠን ይጠይቃል።