ተርሌጅ ምንድን ነው? የስኮትላንድ ጭሰኛና የባላባቱ ወፍጮ

የአንድን የስኮትላንድ መንደር ታሪክ ከድሮ ሰነዶች መከታተል የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ይደርሳል። በጭሰኞች ውል ውስጥ ወፍጮ አለ፤ በባላባቱ ችሎት መዝገብም የወፍጮ ክርክር አይጠፋም። ይህን ሁሉ ወረቀት ያስጻፈው ተርሌጅ የተባለው ግዴታ ነው። ተርሌጅ ያለበት መሬት የሚያርስ ሰው አጃውንና ገብሱን የሚያስፈጨው በተወሰነለት ወፍጮ ብቻ ነበር። ሌላ ወፍጮ ቢቀርበው ወይም በርካሽ ቢፈጭለት እንኳ ወደዚያ መሄድ አይችልም።

ክፍያው ማልቸር ይባላል፤ ከእህሉ ላይ ተሰፍሮ የሚቀነስ ድርሻ ነው። መጠኑ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ግዴታ ያለበት ጭሰኛ በፈቃዱ ከሌላ ቦታ ከመጣ ደንበኛ የበለጠ ይከፍል ነበር። ለአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ዋጋ መኖሩ ነገሩን ያጋልጠዋል፦ ማልቸር ከማስፈጫ ዋጋ ይልቅ ለግብር ይቀርባል። ወፍጮው የባላባቱ ነው፤ ወፍጮኛው ተከራይ ነው። ደንበኞቹ የትም እንደማይሄዱበት ስለሚያውቅ ከፍ ያለ ኪራይ ለመክፈል አያቅማማም፤ ያንን ኪራይ የሚሸፍነው ደግሞ የጭሰኛው እህል ነው። በዚህ ላይ ለወፍጮ ቤቱ ረዳቶች የሚሰጥ ድርሻ አለ፤ አንዳንድ ቦታ በእፍኝ ይለካ ነበር። በማን እፍኝ እንደሚለካ መገመት አያቅትም።

ግዴታው ቀለል ሲል የሚመለከተው ለቤት ፍጆታ የሚፈጨውን ብቻ ነበር። ሲከብድ ግን ከዘርና ከፈረስ ቀለብ በቀር በመሬቱ ላይ የበቀለውን እህል ሁሉ ይይዛል። ጭሰኛው ገብሱን ሳያስፈጭ ለነጋዴ ቢሸጠው እንኳ ማልቸሩን ይከፍላል። ጭራሽ ምንም ባይፈጭም በየዓመቱ የሚከፈል፣ ደረቅ ማልቸር የተባለ ዓይነትም ነበር።

ጉልበትም ይጠየቅ ነበር፦ የውሃውን ቦይ መጥረግ፣ ግድቡን መጠገን፣ የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ ማልበስ። ከሁሉም የሚከብደው አዲስ የወፍጮ ድንጋይ ማምጣት ነው። መንገድ በሌለበት አገር በድንጋዩ መሐል ቀዳዳ ረጅም እንጨት ያስገቡና በጠርዙ አቁመው፣ ብዙ ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞት እያንከባለሉ ያመጡታል። ቁልቁለት ላይ ካመለጠ ያው ነው።

ማምለጫው የእጅ ወፍጮ ነበር፤ እሱም ቢሆን ተከልክሏል። በንጉሥ አሌክሳንደር ሦስተኛ ዘመን፣ በ1284 እ.ኤ.አ. እንደወጣ የሚነገርለት ድንጋጌ ማዕበል ካላስገደደ ወይም ወፍጮ ካልጠፋ በቀር በእጅ ወፍጮ መፍጨትን ይከለክላል። እህሉን ሰውሮ ሌላ ቦታ ያስፈጨ ሰው የሚከሰሰው በባላባቱ በራሱ ችሎት ነው። ከስቶንሄቨን ከተማ አጠገብ ያለው የዩሪ ርስት ችሎት መዝገብ ከ1604 እስከ 1747 ድረስ ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ርስቱን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የያዙት ባርክሌ የተባሉ የባላባት ቤተሰብ ነበሩ። ለመንደር ታሪክ ፈላጊ እንዲህ ያለው መዝገብ ከባላባቶቹ የዘር ሐረግ ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ ተራው ጭሰኛ በስሙ የሚገኘው እዚያ ነውና።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እርሻ ሲሻሻል ተቃውሞው በረታ። ገበሬው መሬቱን አዳብሮ ምርቱን ባሳደገ ቁጥር ማልቸሩም አብሮ ያድጋል፤ ታዲያ ለምን ይልፋ? በ1799 የወጣው ሕግ ግዴታው በቁርጥ ዓመታዊ ክፍያ እንዲለወጥ ፈቀደ እንጂ አልሻረውም። አብዛኛው ተርሌጅ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ከሰመ። በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን የስኮትላንድ ፓርላማ የፊውዳል ይዞታን ለማጥፋት በ2000 ያወጣው አዋጅ ሥራ ላይ በዋለበት በኅዳር 28 ቀን 2004 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አዋጁ ለተርሌጅ ራሱን የቻለ አንቀጽ መድቦለታል።