«ደህና ነኝ» ስንት ነጥብ ነው?

ጎጃም ውስጥ ሕመምተኛን «እንዴት ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስገኝም። አልጋ የያዘውም ከአልጋ የተነሣውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እኔ ከካንሰር ሕክምና የተመለሱ ሰዎችን ስለ ኑሮ ጥራታቸው መጠይቅ አስሞላለሁ። በተለይ ከአፍንጫ በስተ ጀርባ፣ ከጉሮሮ በላይ በሚነሣው ካንሰር ስለ ታከሙት ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች አሉ።

«ዕጢው ከጠፋ ሰውየው ድኗል»

የዕጢው መጥፋት ትልቅ ነገር ነው። ቦታው ግን ጥልቅ በመሆኑ ለቀዶ ሕክምና አይመችም፤ ስለዚህ ዋናው ሕክምና ጨረር ነው፤ ብዙ ጊዜም ኬሞቴራፒ ይታከልበታል። ጨረሩ በተለምዶ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል ሲሆን፣ ተከፋፍሎ 7 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በአካባቢው የምራቅ ዕጢዎች፣ የመንጋጋ ጡንቻዎችና የውስጥ ጆሮ አሉ። ጨረሩን በዕጢው ቅርጽ ልክ የሚያሳርፉት የአሁኖቹ መሣሪያዎች የምራቅ ዕጢዎችን ከቀድሞው በተሻለ ያተርፋሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካላቸውም።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ የቅኔ መምህር ቤት ሄጄ ነበር። የኔታ «ደህና ነኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው የገብስ ቆሎ አቀረቡ። የኔታ ጥቂት ፍሬ ወደ አፋቸው ጨመሩ። አኘኩ፤ ውኃ ተጎነጩ፤ እንደገና አኘኩ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው በመሐረብ ተፉት። ልጅነታቸውን በቆሎ ተማሪነት ያሳለፉ ሰው ናቸው።

«የኑሮ ጥራት ስሜት ነው፤ በቁጥር አይለካም»

ይለካል። በአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ተዘጋጅቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የታተመው መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ ወደ አማርኛም ተተርጉሟል። ለራስና አንገት ካንሰር ደግሞ 35 ጥያቄዎች ያሉት ተጨማሪ ቅጽ አለ። አብዛኞቹ ያለፈውን ሳምንት ብቻ ይጠይቃሉ፤ መልሱም ከ1 «በፍጹም» እስከ 4 «በጣም» ይሰጣል። ከዚያ ከ0 እስከ 100 ወዳለው መለኪያ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ተሳስቻለሁ። በአቅም በኩል፣ ለምሳሌ መራመድና ሥራ መሥራት ላይ፣ ከፍተኛ ነጥብ መልካም ነው። በሕመም ምልክት በኩል ግን ከፍተኛ ነጥብ ክፉ ነው። አፍ መድረቅ ላይ 100 ያገኘ ሰው እንኳን ደስ ያለዎት አይባልም። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሕመሙ የገንዘብ ችግር አስከትሎ እንደሆነ ይጠይቃል። በሬውን ሸጦ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ለታከመ ገበሬ ይህን ጥያቄ ሳነብለት እንዲደገምለት ጠይቆኝ አያውቅም።

«ሐኪሙና ቤተሰቡ ስለሚያውቁ እርሱን መጠየቅ አያስፈልግም»

ሐኪሞች የሕመምተኛውን ሥቃይ ብዙ ጊዜ አሳንሰው እንደሚገምቱ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ቤተሰብም የሚያየው ከውጭ ነው። የየኔታ ባለቤት «ምግብ ጠልተዋል፤ ከእኛ ጋር መሶብ አይቀርቡም» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸው ነበር። ቅጹ ግን «በሰው ፊት መብላት አስቸግሮዎታል?»፣ «አፍዎን በሰፊው መክፈት አስቸግሮዎታል?» ብሎ ለየብቻ ይጠይቃል። የኔታ ለሁለቱም 4 አሉ። ሦስት ጣታቸውን ደርበው በጥርሳቸው መካከል እንዲያስገቡ ለመንኳቸው፤ ሁለት ብቻ ገባ። የአፍ መከፈት 35 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መንጋጋው ተይዟል ይባላል። ምግቡን አልጠሉም፤ ጉርሻ የሚገባበት አፍ አልነበራቸውም። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

ቅጹ ሁሉንም ይጠይቃል ብሎ ማመንም ስሕተት ነው። በ35ቱ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ መስማት አንድም የለም፤ ለዚህ ካንሰር ታካሚዎች ግን የመስማት ችግር የተለመደ ነው። በስልክ ማውራት ያስቸግር እንደሆነ ይጠይቃል፤ ስለ ዜማ ግን አይጠይቅም። የኔታ እርሳሴን ይዘው «ማኅሌት ላይ ከተማሪዎቼ ወደ ኋላ እቀራለሁ፤ ይህ የት ይጻፋል?» አሉኝ። ጠርዙ ላይ ጻፍሁት። በእኔ ግምት እንዲህ ያለው የጠርዝ ጽሑፍ አንዳንዴ ከነጥቡ ይበልጣል።

«አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃል»

አይበቃም። ቁስለቱና የመዋጥ ሕመሙ ሕክምናው ሊያልቅ ሲል ይብሳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይሻላል። የመንጋጋ መያዝ፣ የጥርስ መበላሸትና የታይሮይድ ዕጢ መድከም ግን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሰው ይለምዳል፤ ያው ድርቀት ዓምና 4 የተባለው ዘንድሮ 2 ሊባል ይችላል። ስለዚህ ከሕክምናው በፊት የተሞላ ቅጽ ከሌለ ንጽጽሩ ይጎድላል።

«መልሱ ለጥናት ብቻ ነው»

ሐኪሙ ካነበበው ሥራ ያስጀምራል፤ የመንጋጋ ማፍታቻ ልምምድ፣ ፍሎራይድና የጥርስ ክትትል፣ የጆሮ ምርመራ፣ የታይሮይድ የደም ምርመራ። የኔታ ልምምዱን በየቀኑ ሠሩ። በሌላ ጊዜ ስመለስ ሦስተኛው ጣት በግድም ቢሆን ገባ። አፍ መድረቁ ግን ያው 4 ነበር። ባለቤታቸው ቡናውን ቀድተው ቆሎውን ከእኔ ፊት፣ አጥሚቱን ከየኔታ ፊት አስቀመጡ።