የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አጠቃቀም፦ ለቱሪዝምና ለነዋሪው ገቢ

ሐዋሳ ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ሲሆን የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ውሃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በመስረግ ብቻ ነው። ከሆቴል፣ ከፋብሪካም ሆነ ከማሳ የገባ ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የዳርቻው ዕቅድ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጀመረው ከሎጅ ዲዛይን ነው።

መጀመሪያ የሐይቁ ከፍተኛ የሙላት መስመር መሬት ላይ በችካል ይለያል። በደረቅ ዓመት የተለካ ዳርቻ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ስላሰጋ መከላከያ ግድብ ተሠርቷል። ከተራቆቱት ተዳፋቶች የሚታጠበው ደለል ቀድሞ ያርፍበት የነበረው ጨለለቃ የተባለው ትንሽ ሐይቅ ራሱ ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል፤ ስለዚህ ላይኛው ተፋሰስ ላይ እርከን ሳይሠሩ ዳር ላይ ድንጋይ መካብ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሙላት መስመሩ በታች የተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድ ክረምት ላይ ውሃ ከሥር ገብቶበት ይገነፍላል። 100 እንግዳ እያንዳንዱ በቀን 150 ሊትር ቢጠቀም 15,000 ሊትር ፍሳሽ ይወጣል። ይህን ፍሳሽ የሚያጣራበት የሌለው ሆቴል ፈቃድ ባያገኝ ይሻላል።

ቀጥሎ ዳርቻው ይከፈላል። ደንገሉና ቄጠማው ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ መራቢያ ስለሆነ አይነካም። «እይታ ይከፈት» ተብሎ ሲመነጠር የዓሣው ጫጩት መጠለያ ያጣል፤ ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ ሲጨመርበት ደግሞ ዓሣ አስጋሪው ባዶ እጁን ይመለሳል። ለመናፈሻና ለእግር መንገድ የሚሆነው ቀድሞውኑ የተረገጠው የከተማው ዳር ነው።

የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ለብቻው መታየት አለበት። ጠዋት ጀልባዎች ሲደርሱ ዓሣው እዚያው ይፋቃል፣ ፊሌቶ ይወጣለታል፣ ይጠበሳል፣ ሾርባውም ይቀርባል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ከ100 ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ሲሶ ያህል ነው፤ የቀረው ራስ፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ነው። አባ ኮዳ ሁሉን አይጨርሰውም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ ያላዘነበለ የሲሚንቶ ወለል፣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ፣ በረዶና በየቀኑ የሚነሳ የተረፈ ምርት ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ተረፈ ምርቱ ለዶሮ መኖ ቢዘጋጅ ሌላ ገቢ ነው። ቦታውን አሳምሮ ዓሣ ጠባሾቹን ማስነሳት ግን ጎብኚው የመጣበትን ነገር ራሱን ማጥፋት ነው።

የጀልባ ባለቤቶች በማኅበር ተራ ይዘው ቢሠሩ ጎብኚ አይጎተትም፣ ዋጋም አይጣልም። የእያንዳንዱ ጀልባ የመጫን አቅም ጎኑ ላይ ይጻፍ፤ ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለበስ መነሳት ይከልከል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያይል ረጅም ጉዞ በጠዋት ይመደብ። ጉማሬ ለማሳየት የሚወጡ ጀልባዎችም መንጋውን ከሩቅ ያሳዩ፤ ፎቶ ለማንሳት ተብሎ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል መግባት ለአደጋ ይዳርጋል።