በጅማ ዙሪያ ወፎችንና የዱር እንስሳትን በረጅም ሌንስ ማንሳት

ጅማ ውስጥ ትልቅ ሌንስ የተሸከመ ሰው ካያችሁ ብዙ ጊዜ ወይ ሰርግ ላይ ነው ወይ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ላይ። ሌንሱን ይዘው ከከተማ ትንሽ ወጣ የሚሉት ገና ጥቂት ናቸው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ጅማ ለዚህ ሥራ የተሰጠች ቦታ ናት። ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ፣ በረግረግና በቡና ደን ተከባ ነው የተቀመጠችው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚህ እንስሳው ከሰው ጋር ነው የሚኖረው። ጉሬዛው ገበሬው ቡና ከሚለቅምበት ዛፍ በላይ ተቀምጧል፣ ጉማሬው ከከተማዋ ጠርዝ ብዙ አይርቅም። እንስሳቱ ሰው ለምደዋልና ሌሎች ቦታዎች ላይ ግድ የሚሆነው በጣም ረጅም ሌንስ እዚህ ግድ አይደለም።

ስለ ሌንሱ እንጀምር። ረጅም ዙም ሌንስ የሚባለው ሩቅ ያለውን የሚያቀርብ፣ ርቀቱም የሚቀያየር ሌንስ ነው። የሰርግ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት 70-200 ሚሊሜትር ከዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ብርሃንም እንደልብ ያስገባል፣ ኤፍ 2.8 ነውና (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ለጉሬዛ፣ ለጦጣ፣ ለዝንጀሮ ከበቂ በላይ ነው። ለወፍ ግን ያጥራል። ከዚያ በላይ 100-400 አለ፤ ከዚያም 150-600፣ ሲግማና ታምሮን የሚያመርቱት፣ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን። ኒኮን 200-500 አለው፣ ሶኒ ደግሞ 200-600። የካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ መጠኑም ይቆጠራል። ሴንሰሩ ትንሹ ኤፒኤስሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ 400 ሚሊሜትሩ ትልቅ ሴንሰር ባለው፣ ሙሉ ፍሬም በሚባለው ካሜራ 600 ገደማ የሚያሳየውን ያህል አጥብቦ ያሳያል። ስለዚህ ርካሽና አሮጌ ካሜራ ያላችሁ ሰዎች ለወፍ ሥራ ወደ ኋላ የቀራችሁ እንዳይመስላችሁ።

ችግሩ ብርሃን ነው። እነዚህ ረጃጅም ዙሞች ወደ መጨረሻቸው ሲዘረጉ ብዙዎቹ ኤፍ 5.6 ወይም 6.3 ላይ ይቆማሉ። ኤፍ 5.6 ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ብርሃን ብቻ ነው የሚያስገባው። ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ቡና ደን ውስጥ ግን ዋንዛውና ሳሳው ሰማዩን ሲሸፍኑት ረፋድ ላይ እንኳ ጨለምለም ይላል። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ወደ 3200 ወይም 6400 ከፍ ማድረግ ግድ ነው። አትፍሩት። ፎቶው ላይ ትንሽ ሽርክት፣ ማለትም የነጠብጣብ ሻካራነት፣ ቢኖር ይታረማል፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይታረምም።

የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት (ሹተር ስፒድ) ለተቀመጠ ወፍ 1/500 ሰከንድ ቢሆን ጥሩ ነው። ለሚበር ወፍ ከ1/1600 እስከ 1/3200 ያስፈልጋል። ሌንሱ ውስጥ ያለው የንዝረት መከላከያ የሚያግዘው የእናንተን እጅ ነው፣ ወፉን አያስቆምም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታል። አንድ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ፦ በ600 ሚሊሜትር ወፍ መፈለግ ራስ ያዞራል። መጀመሪያ ዙሙን ወደ 150 መልሱት፣ ወፉን ፍሬሙ ውስጥ አግኙት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አቅርቡት። ዙም ከማይዘረጋው ሌንስ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል።

ልምምድ የሚደረግበት ቦታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የትኛውም ሉካንዳ ቤት አካባቢ ጭልፊት አይጠፋም። ይዞራል፣ ይወርዳል፣ ቁራጭ ሥጋ ይነጥቃል፣ ይመለሳል። ሁለት ቀን ከጭልፊት ጋር የዋለ ሰው የሚበር ወፍ ላይ ፎከስ መያዝ ይለምዳል። ካሜራውን የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ በሚያጠራው ተከታታይ ፎከስ ላይ አድርጉት፣ አዲስ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ የእንስሳ ዓይን መከተያውን ክፈቱት።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ቦዬ። ቦዬ ከጅማ ዳር ያለ ረግረግና ኩሬ ነው። ቂጦን ከመሳሰሉ ጎረቤት ረግረጎች ጋር ሆኖ የጥቁሩ ባለዘውድ ክሬን መኖሪያ ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ የላባ ዘውድ ያለው፣ ጉንጩ ነጭና ቀይ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚደርስ ወፍ። በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት ውስጥ ተመዝግቧል። ክረምት ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ረግረግ ውስጥ እንቁላል ይጥላል፣ በጋ ላይ መንጋ ሆኖ ይሰበሰባል። ለፎቶ ጥሩው በጋው ነው። ከመነሳቱ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ይጮኻል፣ ጥቂት እርምጃ ይሮጣል። ወፍ ሁሉ ደግሞ ወደ ነፋሱ ዞሮ ነው የሚነሳው። ፀሐይም ነፋስም ከጀርባችሁ ከሆኑ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ያኔ ዘውዱም ዓይኑም በብርሃን ይያዛል። እርጥብ ሣር ላይ ተኝቶ ማንሳት ልብስ ያበላሻል ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ ምክንያቱም ወፉን ከላይ ሳይሆን በዓይኑ ልክ ነው የምታዩት።

እዚያው ቦዬ ጥቁርና ነጩን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ፈልጉ። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ውሃውን ቁልቁል ያያል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ሲወረወር ለመያዝ አትታገሉ። ክንፉን እያርገበገበ የሚቆምባት ቅጽበት ናት የእናንተ፣ ፎከሱ ለመያዝ ጊዜ አለው።

ጉማሬዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቀን ውሃ ውስጥ ናቸው፣ በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ይላሉ። አንዴ ብቅ ያለበት አካባቢ ላይ ፎከስ አድርጎ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ጆሮ ይታያል፣ ቀጥሎ የአፍንጫው ውሃ ይፈነጠቃል፣ ያን ጊዜ ተጫኑ። ማታ ማታ ለግጦሽ ይወጣሉ፤ ስለዚህ አመሻሽ ላይ በጉማሬውና በውሃው መካከል መቆም ማለት ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም። የአካባቢውን እረኞች ጠይቁ፣ በየት በኩል እንደሚወጡ አንድ በአንድ ይነግሯችኋል።

ደን የሚወድ ወደ በለጠ-ጌራ ይሂድ። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሸቤን ይዞ። ደኑን የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው የሚያስተዳድረው፣ ገበሬዎችም ተደራጅተው ይጠብቁታል፣ ቡናውንም ይለቅማሉ። እዚህ ንጉሡ ጉሬዛ ነው። ጠዋት ሲበርደው ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቅጠል ይበላል፣ ከዚያ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ያርፋል። ለጀማሪ ከዚህ የሚመች እንስሳ አላውቅም። አስቸጋሪው ቀለሙ ነው። ገላው ጥቁር፣ ካባውና ጭራው ነጭ። ከጀርባው ጥቁር ደን ካለ ካሜራው ፎቶውን ያበራዋል፣ ነጩ ይቃጠላል፤ የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። ከጀርባው ሰማይ ካለ ግን ተቃራኒው ነው፣ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አዲስ የተወለደ ግልገል ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ እናቱ ጥቁር ሆድ ላይ ተጣብቆ ሲታይ ዓይን ያስቀራል።

በደኑ ውስጥ ሆርንቢል የሚባለው ትልቅ ወፍም አለ፣ መንቁሩ ላይ ሌላ ቀንድ የተጫነበት የሚመስለው። ከማየታችሁ በፊት የክንፉን ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ሹ ሹ ሹ የሚል። እንዲሁ ተከትላችሁ አትደርሱበትም። ፍሬ ያፈራ ሾላ ወይም ዋርካ አግኙና ሥሩ ተቀመጡ፣ እሱ ራሱ ይመጣል። ነጭ ጉንጩ ቱራኮ የሚባለው ወፍም እንዲሁ ነው፤ ተቀምጦ አረንጓዴ ነው፣ ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ያለው ቀይ ይፈነጥቃል።

ግልገል ጊቤ ሐይቅ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ በጀመረው ግድብ የተፈጠረ። ጉማሬና የውሃ ወፍ አለው። ግድቡንና ማመንጫውን ግን ዝም ብሎ ማንሳት አይቻልም፣ አስፈቅዱ። ዝሆንና ጎሽ የሚፈልግ ደግሞ በኮንታና ዳውሮ በኩል ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ አለለት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመ። እሱ ግን የራሱ ዝግጅት የሚፈልግ ሌላ ጉዞ ነው።

ወሩን በተመለከተ፣ ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎችም ያኔ ረግረጉ ላይ ናቸው። ጠዋት ጉም ስለሚኖር ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ያለችው ግማሽ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ትበልጣለች። እስከ ሦስት ሰዓት ሥሩ፣ ከዚያ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ተመለሱ። እኩለ ቀን ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሩቅ ያለ ወፍ በምንም ሌንስ ጥርት አይልም። ሌንሱን አትውቀሱት።

እርጥበቱ ግን ሌንስ ይጎዳል። ክረምት ላይ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ከከረመ መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፣ ካበቀለ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ክዳኑ የሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ሰብስቦ አብሮ ማስቀመጥ ይበጃል።

ለከባድ ሌንስ ትራይፖድ ከሌለ የጨርቅ ከረጢት በበቆሎ ሞልቶ አጥር ላይ ወይም የባጃጅ በር ላይ ማስደገፍ ይቻላል። ባጃጁ ራሱ ጥሩ መደበቂያ ነው። ወፎች እግረኛ ሲጠጋቸው ይነሳሉ፣ የቆመ ተሽከርካሪ ግን ብዙም አያስደነግጣቸውም። ሞተሩ ይጥፋና ከሾፌሩ ጋር በሰዓት ሂሳብ ተነጋገሩ።

ጎጆ ላይ ያለን ወፍ በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ክሬኗ ከጎጆዋ ከተነሳችላችሁ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። እሷ ርቃ በቆየች ቁጥር ቁራው እንቁላሉን ይወስደዋል። ተመለሱ። የጎጆውን ቦታም ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉ። የወፍ ጥሪ ድምፅ በስልክ አጫውቶ ወፉን ማምጣትም እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ የሚረብሽ ነገር ነው። የሰው ማሳና ቡና ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው አብሯችሁ ካለ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ አትቆጧቸው፤ ካሜራው ላይ ያለውን አሳዩአቸውና ወፉ የት እንደሚያድር ጠይቋቸው።

ቦዬና የአካባቢው ረግረጎች እያነሱ ነው። ለሸክላ ጡብ አፈሩ ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከላል፣ ውሃው ለእርሻ ይፋሰሳል። ስለዚህ ፎቶዎቻችሁን ስታስቀምጡ ቀኑንና ቦታውን አብራችሁ ጻፉ፣ ያልደመቁትንም አታጥፉ። ዘንድሮ ስንት ክሬን የት ሜዳ ላይ እንደነበረ፣ ከጫጩት ጋር ይሁን ያለ ጫጩት፣ ከዓመታት በኋላ ረግረጉን ለሚያጠና ሰው የሚጠቅመው ያ ነው።