ሞተሪኖውን ከማስፈታታችሁ በፊት

ሞተር ሳይክል ገና የገዛ ሰው አንድ ቀን ይሄ ይገጥመዋል። ጠዋት ቁልፉን ይከፍታል፣ የስታርት አዝራሩን ይጫናል፣ “ቀጭ” ይላል። ከዚያ ዝም። ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ ሜካኒክ ይሆናል። አንዱ “ባትሪ ነው”፣ ሌላው “ሞተሪኖው ተቃጥሏል”፣ ሦስተኛው “ግፋና ንዳው” ይላል። ከሚባለው ውስጥ እውነትም አይጠፋም። ግን ማንም አይለካም። ሳይለካ ሲቀር ደግሞ ቀድሞ የሚፈታው ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያዞረው ስታርተር ነው። እኔ ብጠየቅ መጨረሻ ላይ የምጠረጥረው እሱን ነው።

የማወራው ስለ ተለመዱት ከ100 እስከ 200 ሲሲ ስላላቸው፣ 12 ቮልት ባትሪ ስለሚይዙ ሞተሮች ነው። ርካሽ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ካቻቢቴ፣ 10 ቁጥር ቁልፍና የብርጭቆ ወረቀት ካላችሁ ይበቃል።

“አልነሳም ካለ ስታርተሩ ነው”

መዞርና መነሳት ይለያያሉ። አዝራሩን ስትጫኑ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልነሳ፣ ስታርተሩ የራሱን ሥራ ሠርቷል። ቀሪው የቤንዚንና የእሳት ጉዳይ ነው። ቤንዚን መኖሩን፣ መክፈቻው አለመዘጋቱን፣ ካንዴላው እሳት መስጠቱን እዩ። ከዚህ በታች ያለው ጭራሽ አልዞርም ላለው፣ ወይም እያቃሰተ ለሚዞረው ነው።

“መብራቱ እየበራ ባትሪው ምን ይሆናል?”

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 35 ዋት የሆነ የፊት መብራት የሚፈልገው 3 አምፔር ገደማ ነው። ሞተሪኖው ግን የቆመን ሞተር ለማዞር በአንዴ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። የደከመ ባትሪ ለመብራት፣ ለፍሬቻና ለክላክስ የሚሆን አያጣም። ጠብ ጠብ የሚል ቧንቧም ጆግ ይሞላል፤ ገላ ግን አያስታጥብም።

ስለዚህ ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ቴስተሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ንኩ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.4 አካባቢ ከሆነ ይሠራል፣ ግን ቻርጅ ይፈልጋል። 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቻርጅ አድርጉት።

በዚህ ብቻ እንዳትረኩ። ያረጀ ባትሪ ቆሞ 12.6 እያሳየ ሥራ ሲመጣ ይከዳል። ቴስተሩን ሳታነሱ አዝራሩን ተጫኑ። ከ10 ቮልት በላይ ከቆመ ጥሩ ነው። ከ9.5 በታች ከወረደ ባትሪው ጭነት አይችልም። ቁጥሩ ምንም ካልተነቃነቀ ደግሞ ኤሌክትሪኩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል፤ ሪሌው (የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ማገናኛ) ጋ፣ ሽቦው ላይ ወይም ሞተሪኖው ውስጥ።

“ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ሞተሪኖው ተቃጥሏል”

ያ ድምፅ የሪሌው ነው። አዝራሩ የሚያሳልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሪሌውን ታነቃዋለች፤ ሪሌው ደግሞ ከባትሪው የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ ከሞተሪኖው ሽቦ ጋር ያገናኛል። “ቀጭ” ካለ አዝራሩ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ነው፤ የምትፈልጉበት ቦታ በግማሽ ቀነሰ።

ድምፁን ለዩ። “ቀጭቀጭቀጭቀጭ” እያለ ከተንጣጣ ብዙ ጊዜ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል። ሪሌው ይይዛል፣ ቮልቱ ይወድቃል፣ ሪሌው ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። አንዴ ብቻ ጠንከር ብሎ “ቀጭ” ካለና ባትሪው ተለክቶ ጤነኛ ከሆነ ግን የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው፦ ውስጡ የተቃጠለ ሪሌ፣ የዛገ ወይም የላላ ወፍራም ሽቦ፣ ያለቀ የሞተሪኖ ካርቦን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው)።

እነዚህን የሚለይ ልኬት አለ። ጀማሪም ያደርገዋል። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ ሽቦው ሞተሪኖው ላይ በሚታሰርበት ብሎን ላይ አድርጉ። ሳትጫኑ 12 ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ሪሌው ክፍት ስለሆነ ነው። አሁን አዝራሩን ተጫኑ። ወደ ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከወረደ መንገዱ ንጹህ ነው። 2 ወይም 3 ቮልት፣ ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ ግን ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየባከነ ነው፤ ጥፋቱ የሪሌው ወይም የሽቦው ነው።

ያንኑ በኔጌቲቩ በኩል ድገሙት። አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ። ከባትሪው ወደ ሻንሲ የሚሄደው ሽቦ የታሰረበት ብሎን ጭቃና ዝገት ይወዳል። ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትና አጥብቆ ማሰር ብቻውን ስንቱን ሞተር አስነስቷል! የባትሪ ሽቦ ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፤ ስትመልሱ እሱን አስከትሉ።

ቴስተሩን የሽቦ መበጠስ በድምፅ የሚለይበት ቦታ ላይ አድርገው “ጢጥ ካለ ሽቦው ደህና ነው” የሚሏችሁን አትስሙ። አንድ ክር የቀረው ሽቦም ጢጥ ያሰኛል። ሞተሪኖ ግን አያዞርም።

ሁለቱም በኩል ንጹህ ሆኖ ሞተሪኖው ካልዞረ፣ ያኔ ተራው የእሱ ነው። እንዲያም ሆኖ አትጣሉት። ውስጡ ያሉት ካርቦኖች በአገልግሎት ብዛት የሚያልቁ ናቸው። ለብቻቸው ይቀየራሉ፤ ከሙሉ ሞተሪኖ በጣም ይረክሳሉ። አዝራሩ ተይዞ ሳለ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ሲያደርገው ከዞረ ካርቦኑን ጠርጥሩ። ይሄ ጥገና ነው ብላችሁ ግን እንዳትረሱት፤ ነገ ይቆማል።

“ምንም ድምፅ ከሌለ ገመድ ተበጥሷል”

ገመድ ፍለጋ ሞተሩን ከመበታተናችሁ በፊት እጃችሁ ያለበትን ቦታ እዩ። በቀኝ በኩል መሪው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ ተነክታ ይሆናል፤ ልጆች ሞተሩ ላይ ሲጫወቱ የመጀመሪያዋ ተጠቂ እሷ ናት። ማርሽ ገብቶ ይሆናል። ብዙ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ሳለ ፍሪሲዮን ካልተያዘ አይዞሩም። አንዳንዶቹ የጎን ማቆሚያው ካልተነሳም አይሠሩም። ፍሪሲዮን እጀታው ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ውሃና አቧራ ሲገባባት ትታመማለች፤ እጀታውን ደጋግማችሁ ጨምቁና ሞክሩ። ከዚያ ፊውዙን አውጥታችሁ እዩ። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ነው ወደ ገመድ የሚኬደው።

“ሪሌውን በካቻቢቴ አገናኘው”

ይሠራል። ለዚህም ነው ሁሉም የሚመክረው። ሁለቱን ወፍራም ብሎኖች በብረት ስታገናኙ ሞተሪኖው ከዞረ፣ ባትሪውና ሞተሪኖው ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሪሌው ወይም እሱን የሚያዘው መስመር ጋ ነው። ግን በዚህ መንገድ የመከላከያ ማብሪያዎቹን ሁሉ ዘላችኋል። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ሞተሩ ዘሎ ግድግዳ ወይም ሰው ላይ ይወጣል። ብልጭታው ትልቅ ነው፤ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ካለ ደግሞ አስቡት። ለጀማሪ አልመክርም። ከላይ ያለው የቴስተር ልኬት ያንኑ መልስ ያለ እሳት ይሰጣችኋል።

“እስኪነሳ ድረስ ተጭነህ ያዘው”

አይሆንም። አንዴ ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዙ፤ በመሃሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፉ። ሞተሪኖ ለአጭር ጊዜ ሥራ የተሠራ ነው። “ተቃጠለ” የሚባለው እውነት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

“ሞተሪኖው ከዞረ ጤነኛ ነው”

እሱ ጤነኛ ነው። ግን “ዊይይ” እያለ ለብቻው እየዞረ ሞተሩ ካልተነቃነቀ፣ ኃይሉን ወደ ሞተሩ የሚያሻግረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው ክላች ተንሸራቷል፣ ወይም ጥርሱ ተበልቷል። ይሄ የሞተሩን ጎን ከፍቶ የሚታይ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ለሜካኒክ ስጡት።

“አዲስ ባትሪ ሲገባ አለቀ”

አሲዱ ሱቁ ውስጥ የሚሞላ ባትሪ ወዲያው ሙሉ አይደለም። አሲዱን እስኪጠጣ ማረፍ፣ ከዚያ በትንሽ ቻርጀር ቀስ ብሎ መሞላት አለበት። ሳይሞላ የገባ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ውሃው ሲጎድል ደግሞ አሲድ አይጨመርበትም። የሚተነው ውሃው ነው፤ የሚጨመረውም የባትሪ ንጹህ ውሃ ነው፣ የቧንቧም አይደለም።

ከዚያ የቻርጅ መስመሩን ፈትሹ። ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ስትሰጡት ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። 12 ላይ ከቆመ አዲሱም ባትሪ በቀናት ይሞታል። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ባትሪውን ያፈላዋል። “ቆሞ እየሠራ ይሞላል” የሚባለውም ብዙ አያስኬድም፤ ትንሽ ሞተር በዝግታ ሲሠራ የሚያመነጨው ለራሱ መብራት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ብቻ የሚነዳ ሰው ባትሪው ለምን እንደሚደክም አሁን ገባችሁ።

“ተገፍቶ ከተነሳ ችግር የለበትም”

መገፋቱ የሚያሳየው ሞተሩ፣ እሳቱና ቤንዚኑ ደህና መሆናቸውን ብቻ ነው። ባትሪው፣ ሪሌውና ሞተሪኖው አሁንም አልተፈተሹም። ካርቡራተር ያለው ሞተር ሲገፋ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ኢንጀክሽን ከሆነና ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ግን የነዳጅ ፓምፑ አይሠራም፤ ስትገፉ ትውላላችሁ። በእንዲህ ያለ ቀን 12 ቮልት ከሆነ የመኪና ባትሪ በሽቦ መዋስ ይሻላል። መኪናው ይጥፋ። መጀመሪያ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ የመኪናውን ኔጌቲቭ ቀለም ከሌለው የሞተሩ ብረት ጋር እሰሩ። ሲነሳ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ፍቱ።