በሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18ቱ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የጻድቁ አባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ዕረፍት ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ አንዲት እናት ከዐፀዱ ጥላ ሥር ጸበል ጸዲቅ ይዘው ተቀምጠዋል። ወታደር ልጃቸው ያረፈበት ሰባተኛ ዓመት ነው። ነሐሴ 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ይበር የነበረው የመከላከያ አውሮፕላን ሞጆ አካባቢ ወድቆ 18 ሰዎች ሲያልፉ፣ እሱም ከመካከላቸው ነበረ። 15ቱ የሠራዊቱ አባላት፣ 3ቱ ሲቪሎች ነበሩ።

አጠገባቸው የቆመች አንዲት እኅት ለጓደኛዋ፣ «በጻድቁ ቀን እንዲህ ያለ ሞት? አንድ ነገር ቢኖር ነው እንጂ» አለቻት። በሹክሹክታ ነበር፤ እናትየው ግን ሰምተዋል። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

እንደዚያ የምንል እኛ ወንጌሉን የት አስቀምጠነዋል? ሉቃስ ምዕራፍ 13ን እናንብብ። ሰዎች ጲላጦስ ስለ ገደላቸው የገሊላ ሰዎች ለጌታ አወሩለት። እሱ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የሰሊሆምን ግንብ አነሣ። ግንቡ የወደቀባቸው ስንት ነበሩ? 18! ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ እነሱ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀና፣ «አይደለም» ብሎ ራሱ መለሰ። የቁጥሩን መግጠም ምሥጢር አላደርገውም። ነገር ግን ያንን «አይደለም» በዚያች እናት ጆሮ ጮክ ብሎ የሚናገርላቸው ሰው ቢገኝ እንዴት በወደድሁ! ግንቡ ለምን እንደ ወደቀ ጌታችን አላብራራም። የሞቱትንም ኃጢአት አልቆጠረም። ንስሐ ግቡ ያለው በሕይወት ቆመው ያወሩ ለነበሩት ነው። እኛ ግን ንስሐውን ለሟች ትተን ምርመራውን ለራሳችን ወሰድን። የአደጋን ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ እያስተላለፍን «ነፍስ ይማር» የምንለውም ሟቹ እናት ያለችው መሆኑን እየረሳን ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ይህን ግን በቁጣ አልመልሰውም፤ ያዘነ ልብ የሚጠይቀው ነውና። ክንፍ የተሰጠው አባት በገዛ በዓሉ ለምን አልያዛቸውም? አዎ፣ በደብረ ዳሞ ገዳም ከገደሉ ይወርድበት የነበረው ገመድ ሲቆረጥ እግዚአብሔር ለጻድቁ ስድስት ክንፍ ሰጥቶታል። ግን ያው ክንፍ ያለው አባት ቆሞ ሲጸልይ እግሩ ተሰብሯል፤ ጥር 24 ስባረ አጽሙ ብለን እናከብረዋለን። ክንፉ ከመከራ አላስመለጠውም፤ በአንድ እግሩ ሰባት ዓመት ቆመ። ነሐሴ 24ስ ምንድን ነው? ያረፈበት ቀን ነው። እንግዲያስ ቤተ ክርስቲያን በከበሮና በጽናጽል የምታከብረው ዕለት ራሱ የዕረፍት ዕለት ከሆነ፣ በዚያ ቀን መሞት ስለምን የቁጣ ምልክት ይባላል? ልጅዎ የሄደው አባታችን በሄደበት ቀን ነው፤ እማማ፣ እኔ ለእርስዎ የምለው ይህን ነው።

ወታደር መሆኑንም አንስተው የሚያጉረመርሙ አሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ ምን ነበሩ? ወታደሮች አልነበሩምን?

አርባና ሰማንያ ሲሆን ብዙ ሰው ይመጣል። ሙት ዓመት ላይ ይቀንሳል። በሰባተኛው ዓመት ግን እናት ብቻዋን ናት። በቤታችሁ በሥራ ላይ የወደቀ ወታደር ያላችሁ፣ ስመ ክርስትናውን ለካህኑ ስጡ፤ በየዓመቱ በጸሎት ይነሣ። የሌላችሁም ስለ መንገደኞች ሲጸለይ በየብስ ብቻ የሚሄደውን አታስቡ፤ በአየር ላይ ያለም አለ።

ያቺ ሹክሹክታ የወጣባት እኅት በኋላ ተመልሳ መጣች። እናትየው ቀና ብለው አዩዋት፤ ዳቦውን ቆርሰው በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ «እንኪ ልጄ፣ በስመ ክርስትናው ገብረ መድኅን በይው» አሏት። እሷም አለችው።